ለሱቅ አዛዋሪው የተሰጠ ምርቃት

ኢንጂነር ደምመላሽ የአንዲትን ልብስ ሻጭ ሱቅ አተራመሰባት። የኢንተርኔት ሱቋን ከአሮጌው ዌብሳይት ወደ አዲስ ሲያዛውር የዕቃውን ፎቶና ስም አደበላለቀው። አንዲት ሙሽራ የካባ ፎቶ አይታ ብታዝዝ የሕፃን የለሃጭ መሐረብ ደረሳት። ደንበኛው ሁሉ እየተሳደበ መሸሽ ጀመረ።

ባለሱቋ «አስተካክሉልኝ» ልትል ቢሮው ብትሄድ፣ ሰውዬው የአዲሱን ዌብሳይት ምረቃ ብሎ እንግዳ ሰብስቦ ደረቱን ነፍቷል።

«አንድም ዕቃ አልጠፋብሽም፤ ቦታው ነው የተቀያየረው!» አላት። «ደግሞስ ዌብሳይቱ እንዴት ቶሎ እንደሚከፈት አላየሽም? በይ መጀመሪያ ሰው ፊት መርቂኝ፤ ያለዚያ ሱቅሽን አልነካውም!»

እምቢ ብትል ሱቋ እንደተተራመሰ ሊቀር ነው። ነጠላዋን አስተካክላ እጆቿን ዘረጋች።

«እግዜር እርስዎንም ወደ አዲስ ቪላ ያዛውርዎ!»

«አሜን!» አለ እንግዳው ሁሉ።

«በሩም ቶሎ ይከፈትልዎ!»

«አሜን!» ኢንጂነሩ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

«ሲገቡም ከቤተሰብዎ አንድም ሰው አይጥፋብዎ፤ ብቻ እንደኔ ዕቃ ቦታ ቦታቸው ይቀያየርና፣ ባለቤትዎ ከጎረቤትዎ አልጋ፣ አማትዎ ከእርስዎ አልጋ ይገኙልዎ!»