ቀይዋ መኪናና ሁለቱ ጆንያዎች

አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት ከአፋፉ ማዶ ጉም በሚሞላበት ገደል ግርጌ፣ አንድ ወጣት አህያ ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ይህ አህያ ለዓመታት ጨው ተሸክሞ ባጠራቀመው ገብስ አንዲት ትንሽ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ገዝቷል። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያ የሌላት፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል ነበረች።

አህያው ቀስ ብሎ የሚያስብ፣ ያሰበውን ደግሞ መልሶ የሚጠራጠር ነበር። ከመንዳቱ በፊት ጎማዎቿን አንድ በአንድ በሰኮናው ይነካል። ነክቶ ሲጨርስ «የመጀመሪያውን በደንብ ነክቼዋለሁ?» ይልና እንደገና ይጀምራል።

አንድ ልማድም ነበረው፤ ልማድ መሆኑን ግን አያውቅም። የትም ሲሄድ ከወንበሮቹ ኋላ ሁለት ጆንያ የወንዝ ድንጋይ ጭኖ በገመድ ያስራል። ድንጋዩን ያዘዘው የለም፤ የሚረከበውም የለም። ግን አህያ ነውና፣ ያለ ጭነት መንገድ መውጣት ራቁቱን ገበያ እንደ መውጣት ይሆንበታል።

እናቱ አርጅታ ነበር። ዓይኖቿን ሞራ እየጋረዳቸው ነው። አንድ ቀን ማለዳ ደጃፍ ላይ ቆማ ወደ ገደሉ አፋፍ አንጋጠጠች።

«ልጄ፣ ልጅ ሳለሁ እዚያ ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ» አለችው። «ፀሐይ ከኋላዬ ወጣች፤ ጥላዬ ከፊቴ ጉሙ ላይ ወደቀ። በጥላዬ ዙሪያ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ቀለበት ነበር።»

«እንዴት ደስ ይላል፣ እማዬ!»

«ምኑ ደስ ይላል! እህል ተጭኜ ነበር እኮ። ጥላዬ ጆሮ የለው፣ ወገብ የለው፤ ጆንያ ብቻ! ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ራሴን ባየሁት።»

አህያው ያን ቀን ሣር አልጣመውም። የእናቱ እግሮች ዳገቱን አይወጡትም፤ በመኪናዋ ሊያወጣት ይችላል። ችግሩ ጊዜው ነው። ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ ጥቂት ይቆይና ይበተናል። በሌሊት እንዳይነሱ ደግሞ የአንበሳ አዋጅ አለ፤ ሌሊት መንገዱ የጅብ ነው። ጎህ ከቀደደ በኋላ ግን ጅብ በመንገድ ላይ የሚንቀሳቀሰውን አይነካም፤ ቆሞ ያገኘው ሁሉ የእሱ ነው።

በማግስቱ አህያው ጎህ ሲቀድ ብቻውን ሞከረው። መኪናዋ እያቃሰተች ወጣች። ከዳገቱ አጋማሽ የሚበቅለው ጽድ ጋ ሲደርስ ፀሐይ ወጥታ ጉሙን ስትጠርገው አየ።

«ጉልበት ያንሳታል» አለ። ጥቂት አሰበና «ወይም እኔ መንዳት አልችልም» ሲል ጨመረ።

ቀበሮ ከሾላው ሥር ጋራዥ ነበረው። አያ ጅቦ እዚያ በር ላይ ተጋድሞ ያረጀ ብረት ላይ የቀረ ቅባት ይልሳል።

«ደንበኛዬ! ግባ፣ ግባ የኔ ጌታ!» አለ ቀበሮ። «ምን ጎደለ?»

«ጉልበት ነበር የፈለግሁት፤ ለመኪናዋ» አለ አህያው። አንዲት ቁና ገብስ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ አነዳድም ሊሆን ይችላል።»

ቀበሮ መኪናዋን ዞራት። በስተኋላ ተጎንብሳ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሷል። አንዱን ጆንያ በጥፍሩ ነካ አደረገው፤ ድንጋይ መሆኑ ገባው። ከዚያ ገብሱን አየ። ስለ ጆንያው ትንፍሽ አላለም።

«በዚህች ገብስ አዲስ ሞተር አይታሰብም» አለ ጢሙን እያሻሸ። «ግን ጨዋ ነህና አላሳፍርህም።» ከጓዳው አንድ ሰፊ የብረት ጥሩምባ እየጎተተ አወጣ። «ይህን ኮፈኑ ላይ እንገጥመዋለን። ነፋስ ይውጥላታል፤ ነፋስ የዋጠች መኪና ደግሞ ትበራለች። ዋጋው የገብሱ ግማሽ ብቻ ነው።»

አያ ጅቦ ቀና አለ። «ነፋስ ያጠግባል እንዴ?»

«አንተ ዝም በል!»

«እሺ፣ ዝም ብያለሁ። ግን አህዮ፣ ዳገቱ ላይ የምትቆመው የቱ ጋ ነው? ቀድሜ ሄጄ ልጠብቅህ ብዬ ነው።»

ቀበሮ ጮክ ብሎ ሳለ። «ይጫወታል፤ አትስማው።»

አህያው ሌላ ምንም ሳይነካ፣ ጥሩምባውን ብቻ ጨምሮ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት በዚያው መንገድ ሞከረ። ለውጡን በትክክል ማወቅ ፈልጎ ነው። ጉሙ ሲበተን ገና ጽዱ ጋ እንኳ አልደረሰም። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደገመው። ያው ነው። ከመንገዱ ዳር ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ጆሮና አንድ የሚጎመዥ ምላስ አየ።

«አዎ፣ ይታወቃል!» አለ ቀበሮ፣ አህያው ሲመለስ። «ጥሩምባው በደንብ ስለሠራ ነፋሱ አፍንጫዋን ተጫናት። አሁን ከኋላ ክንፍ ያስፈልጋታል።» የቀረውን ገብስ ተቀብሎ ሁለት ሰው የማያነሳው የብረት ክንፍ አሰረላት። መኪናዋ እንደ ግመል ልትንበረከክ ምንም አልቀራት። በአዲሱ ክንፍ ስትሄድ መንቀጥቀጥ ስለጀመረች አህያው ፈራና ትረጋ እንደሆነ ብሎ በየጆንያው ላይ ድንጋይ ጨመረ።

ያን ዕለት ማምሻውን ነፋሱ ዞረ። ደረቅ ሣር፣ ደረቅ ሣር ሸተተ። እናቱ አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስታ አሸተተችና «በጋው መጣ» አለች። «ከነገ ወዲያ ጉም የለም።»

«እንግዲያው ነገ እንሄዳለን» አለ አህያው። ድምፁ የራሱ አልመስለው አለ።

ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ዓለም ገና ቀለም አልነበራትም። ሣሩም፣ ድንጋዩም፣ የእናቱም ጀርባ አንድ ዓይነት ግራጫ ነበር። ጤዛው በመኪናዋ መስታወት ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። ሩቅ ከላይ፣ ከአፋፉ ማዶ፣ ጉሙ እንደ ተኛ እንስሳ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። አህያው ህልም ውስጥ የሚነዳ መሰለው፤ በህልም እንደሚሆነው ሁሉ ቢነዳ ቢነዳ የሚርቅ ነገር የለም።

ከዳገቱ መጀመሪያ ላይ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ከኋላቸው ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

«እንደምን አደራችሁ! አትቸኩሉ!» አለ። «እኔ የምቸኩልበት ጉዳይ የለኝም።»

መኪናዋ ቀነሰች። ሞተሩ እንደ ታመመ ሰው አጉረመረመ። ከበስተኋላቸው፣ በምሥራቅ፣ ሰማዩ ወርቃማ ሆነ።

«ከኋላዬ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አለች እናቱ።

«ድንጋይ ነው፣ እማዬ።»

«የማን?»

«የማንም አይደለም።»

«ማን ጫነህ ታዲያ?»

አህያው ዞር ብሎ ጆንያዎቹን አየ። ጎማዎቹን አስቦ ነበር፤ አነዳዱን አስቦ ነበር፤ ነፋሱን ሳይቀር አስቦ ነበር። ይህን ግን አንድ ቀን አስቦት አያውቅም።

«ማንም» አለ በመጨረሻ። «ራሴ ነኝ። ባዶዬን ስሆን የምወድቅ ይመስለኛል።»

እናቱ አልሳቀችበትም። «እኔም ጭነት ከተውሁ በኋላ ስንት ጊዜ ጎብጬ ሄጃለሁ» አለች። «ልፍታው ወይስ አልፍታው?»

መኪናዋ አሁን ከጅቡ እርምጃ አትፈጥንም። ትኩስ ትንፋሹ ኋላ ኋላቸው ይሰማል።

«ፍቺው» አለ አህያው።

እናቱ ዞረች። ዓይኗ በደንብ አያይም፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የታሰረባትን ቋጠሮ ማየት አያስፈልጋትም። በጥርሷ አንድ ጊዜ ሳበችው፤ ገመዱ ተፈታ። ሁለቱም ጆንያዎች ተንከባልለው መንገዱ ላይ ዘፍ አሉ።

«ቆመ! የቆመ የእኔ ነው!» ብሎ አያ ጅቦ ዘለለበት። የወፈረውን ጆንያ መርጦ፣ እንዳያመልጠው ብሎ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ነከሰው። ቀው! የሚል ድምፅ በገደሉ አስተጋባ።

«ይህ ብረትስ?» አለች እናቱ ክንፉን በጆሮዋ እየነካች።

«ክንፍ ነው፤ ጉልበት ይጨምራል ብሎኝ ነው።»

«እስከ ዛሬ በርሯል?»

«አይ።»

እናቱ ወንበሩ ላይ ዞራ ሁለት የኋላ እግሮቿን ሰብስባ እንደ ልጅነቷ ረገጠችው። ክንፉ ተገንጥሎ ወደ ቁልቁለቱ ተወረወረ። ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በረረ።

ያኔ መኪናዋ ከጎበጠችበት ቀና አለች። ዘለለች ማለት ይሻላል። አህያው «ወደቅሁ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም የሚወድቅ ይመስል ነበር፤ ግን የሚወድቀው ወደ ላይ ነበር። ጽዱ አለፈ። ኩርባዎቹ አንድ በአንድ እንደ ክር ተተረተሩ። ኮፈኑ ላይ የቀረው ጥሩምባ ከተገጠመ ጀምሮ በቂ ነፋስ አግኝቶ አያውቅም ነበር። አሁን ሲያገኝ እንደ ዋሽንት በቀስታ ማዜም ጀመረ። እናቱ ዓይኖቿን ጨፍና ጆሮዎቿን ለነፋሱ ለቀቀችለት።

አፋፉ ላይ ሲቆሙ ፀሐይ ከኋላቸው ብቅ አለች። ጉሙ ከፊታቸው ነበር፤ ነጭ፣ ሰፊ፣ ገና ያልነቃ።

እናቱ ወርዳ እስከ ጠርዙ ተጠጋች። ጥላዋ ከእግሯ ተነስቶ ጉሙ ላይ ተዘረጋ፤ ዛፍ አከለ፤ ቤት አከለ። በዙሪያው ቀይና አረንጓዴ ቀለበት በቀስታ ተከፈተ። ትንሽ ራሷን ነቀነቀች። ጥላውም ራሱን ነቀነቀ።

«ጆሮዎቼ» አለች በሹክሹክታ፣ «እንዲህ ረጅም ናቸው እንዴ?»

«ናቸው፣ እማዬ።»

«ወገብም አለኝ!»

አህያው አጠገቧ ሄዶ ቆመ። በልማዱ ጀርባውን ሊያጎብጥ አለና ተወው። በቀለበቱ ውስጥ አራት ጆሮዎች ቆሙ። ከዚያ ጉሙ መነሳት ጀመረ፤ ቀለሞቹም ጥላዎቹም ወደ ሰማይ አብረውት የሚሄዱ እየመሰሉ ቀስ በቀስ ሳሱ። እናቱ የመጨረሻው እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ከታች ከጋራዡ የአያ ጅቦ ድምፅ ይሰማል፦ «ጥርሴን ግጠምልኝ!»

ቀበሮም ይመልሳል፦ «ስንት ገብስ አለህ?»

ከዚህ የምንማረው፣ ጉልበት አነሰን ብለን ያለችንን ጥቂት ጥሪት ከማፍሰሳችን በፊት ማንም ሳይጭነን የተሸከምነው ነገር እንዳለ ዞር ብለን ማየት እንደሚገባን ነው።