አንድ ለሃያ

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ስማቸው ልሳነወርቅ ይባላል። በአንዲት ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ በሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የንድፍ ሥራ አስተምረዋል። ጡረታ ወጥተውም እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ አልወረደችም። ለቅሶ ቤት ሲገቡ እንኳን ሚስታቸው በር ላይ አስቁመው "እርሳስዎ!" ማለት ነበረባቸው።

መምህር ልሳነወርቅ የሚወዱት አንድ ነገር ነበር። እሱም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የበረሩት አሮጌ አውሮፕላኖች ናቸው። እንጨትና ሸራ ለብሰው፣ ሁለት ክንፍ ደርበው፣ በሽቦ ተወጥረው የሚበሩት። "የዛሬዎቹ አንጀታቸውን ይደብቃሉ፤ እነዚያ ግን ሁሉ ነገራቸው ከውጭ ይታያል፤ ሰው አይቶ ይረዳቸዋል" ይሉ ነበር።

ታዲያ በከተማዋ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ ሊመረቅ ሲል፣ መምህር ወደ ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ጽጌማርያም ሄዱና የእነዚያን አውሮፕላኖች ሞዴል በኅብረት ሠርተን እንስቀልበት ብለው ጠየቁ። ኃላፊዋም ሳቅ አሉና፣ "ጥሩ። በመስኮቱ በኩል ያለው የአዳራሹ ጥግ ባዶ ነው። ጣሪያው ላይ አራት ማንጠልጠያ አስመታለሁ። ምረቃው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ካልደረሰላችሁ ግን የጋዜጣ መደርደሪያ አቆምበታለሁ" አሉ።

መምህር በማግስቱ አራት ሰው መለመሉ። የመጀመሪያው አናጺው ጌጡ ነው፤ እጁ ወርቅ የሆነ፣ አፉ ግን ቁጥብ ሰው። ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ትርፌ ናቸው፤ ሸራ ማልበስ የማያቅታቸው። ሦስተኛው አቶ ቡልቻ፤ ዕድሜያቸውን በማኅበርና በስብሰባ የጨረሱ፣ ሰው ማስተባበር የሚችሉ። አራተኛዋ ወይንሸት ትባላለች፤ ከአባቷ በወረሰችው ጠባብ ሱቅ ሰዓት የምትጠግን፣ ጣቶቿ እንደ መርፌ የቀጠኑ ወጣት ሴት። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የአውሮፕላን ንድፍ ታደለ። መምህር ራሳቸው ምንም አይሠሩም፤ ይቆጣጠራሉ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ስብሰባ ተደረገ። መምህር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ስለ ክንፍ ተናገሩ፣ ስለ ጭራ ተናገሩ፣ ስለ አየር ግፊት ተናገሩ። በመጨረሻም እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ወደ ላይ አነሱና፣

"ስኬላችን አንድ ለሃያ ነው! ከዚህ ፍንክች የለም!" አሉ።

ወይንሸት እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንድ ለሃያ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?"

መምህር መነጽራቸውን አወለቁ።

"እመቤት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለፈልፍ የት ነበርሽ? ይህ እኮ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው! የሰውን ሰዓት የምትጠግኚውም እንደዚህ ተኝተሽ ነው?"

ሰዉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ጌጡ ነበር። ወይንሸት አንገቷን ደፋች።

"ሌላ ያልገባው አለ?" አሉ መምህር።

ማንም የለም።

"ግልጽ ነው?"

"ግልጽ ነው!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። አቶ ቡልቻማ ከልማዳቸው አጨበጨቡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወይንሸት አልመጣችም። መምህር "ከብዷት ነው" ብለው ስሟን ከዝርዝሩ ሰረዙ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሪፖርት ይሰማ ነበር። "ጌጡ፣ እንዴት ነው?" ይላሉ መምህር። "እየሄደ ነው፤ እንጨት ብቻ ትንሽ በዛ" ይላል ጌጡ። "እትዬ ትርፌ?" "ስምንቱን ጨርሻለሁ" ይላሉ እትዬ ትርፌ። መምህር ሸራው የሚወጠርበት ስምንት የክንፍ አጥንት መስሏቸው ራሳቸውን በእርካታ ይነቀንቃሉ። "አቶ ቡልቻስ?" "ሰማንያ በመቶ ደርሰናል!" ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሁሉም ተደስቶ ይበተናል።

ለምረቃው ሁለት ሳምንት ሲቀረው መምህር ሥራውን በዓይናቸው ሊያዩ ተነሡ።

መጀመሪያ ወደ ጌጡ ቤት ሄዱ። ገና ከሩቅ ሲመለከቱ የጌጡ አጥር የለም። አጥሩ በነበረበት ቦታ አንድ ግዙፍ የእንጨት ነገር ከግቢው ወጥቶ እስከ ጎረቤት ግቢ ድረስ ተዘርግቷል። ጎረቤቲቱ በርበሬዋን አስጥታበታለች።

"ጌጡ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ክንፍ ነው፣ መምህር።"

"የምን ክንፍ?"

"የአውሮፕላኑ ነዋ። ይህ ግራው ነው። ቀኙ መንገድ ስለሚዘጋ የቀበሌ ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው።"

"አንድ ለሃያ አላልኩህም?" ብለው ጮኹ መምህር።

"ብለውኛል እንጂ! ከእያንዳንዷ ልክ ላይ ሃያ ሃያ ሳንቲም ቀንሻለሁ። ሰባት ሜትር የነበረው ይኸው ስድስት ከሰማንያ ሆነ። አንዷንም አልዘለልኩም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግን መምህር፣ ከሃያ ሳንቲም በታች የሆነው ዕቃ ሁሉ ሲቀነስ አለቀብኝ። እሱ ነው ትንሽ ግራ ያጋባኝ" አለ።

መምህር ወደ እትዬ ትርፌ አቀኑ።

እትዬ ትርፌ በደስታ ተቀበሏቸውና የጠረጴዛውን ልብስ ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ሃያ አንድ አውሮፕላን ተደርድሯል። አንዷ ዶሮ ታህላለች፤ ሃያዎቹ ጫጩት ያህላሉ። ከሸሚዝ ቁርጥራጭ የተሰፉ ስለሆኑ ግማሹ ባለ መስመር፣ ግማሹ ባለ አበባ ነው። ጎማቸው ቁልፍ ነው።

"አንድ ለሃያ ብለዋል" አሉ እትዬ ትርፌ በኩራት። "አንዷ እናትየው ናት፤ ሃያው ልጆቿ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓይኔን አጥፍተውኛል።"

"የእናትየዋን ልክ ከየት አመጡት?"

"ኧረ በዓይኔ! ስንት ዓመት የሰፋሁ ሰው ለአንዲት አውሮፕላን ልክ ልውሰድ?"

መምህር ግንባራቸውን ይዘው ወጡ። የቀሩት አቶ ቡልቻ ብቻ ናቸው። የእሳቸው ግቢ ሲደርሱ ደግሞ አሥራ ስድስት ሰዎች በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኙ። አንዱ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል።

"መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ!" አሉ አቶ ቡልቻ። "ባሉት መሠረት አንድ ለሃያ አደራጅቻለሁ። እኔ ተጠሪ ነኝ፤ ሥሬ ሃያ ሰው። አራቱ ስላልመጡ ነው ሰማንያ በመቶ ያልኩት።"

"አውሮፕላኑስ?"

"በአጀንዳ ተራ ቁጥር ሦስት ተይዟል።"

መምህር ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በጣም ተናደው ነበር። ሦስቱንም የሚያባርር ደብዳቤ በልባቸው ጽፈው ጨረሱ። ከዚያ ወይንሸት ጋር አንድ ንድፍ እንደቀረ ትዝ አላቸው። ቢያንስ እሱን አስመልሼ ራሴ ልሥራ ብለው ወደ ሰዓት ቤቷ ሄዱ።

ወይንሸት ንድፉን በአራት ታጥፎ ከመሳቢያዋ አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። መምህር ተቀብለው ሊወጡ ሲሉ ንዴታቸው አላስችል አላቸውና ያዩትን ሁሉ ነገሯት። ክንፉን፣ ጫጩቶቹን፣ ቃለ ጉባኤውን። "አንድም ሰው አልገባውም! አንድም! ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" አሉ።

ወይንሸት የያዘችውን ሰዓት አስቀመጠች።

"መምህር፣ ያን ቀን የጠየቅኩት ለራሴ ብቻ አልነበረም። ጋሽ ጌጡ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና 'አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይፈርዱብሽም፣ ጠይቂልን' አለኝ። እትዬ ትርፌም 'እኔም አልገባኝ' ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። ጠየቅኩ። እርስዎ ሲቆጡ ጊዜ ግን ሁሉም ሳቁብኝ።"

"ከዚያ በኋላስ? ለብቻዬ መጥተው ቢነግሩኝ ምን ነበር?"

"የእኔን አይተው?" አለች ወይንሸት።

መምህር ዞር ብለው በሱቁ መስታወት ወደ መንገዱ ተመለከቱ እንጂ መንገዱን አላዩትም። ያዩት ሠላሳ አንድ ዓመት የቆሙበትን ክፍል ነበር። በየቀኑ "ገባችሁ?" ይላሉ፤ በየቀኑ "አዎ!" ይባላሉ፤ ፈተና ሲመጣ የክፍሉ ግማሽ ይወድቃል። እሳቸውም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "የዘንድሮ ልጆች ሰነፎች ናቸው" ሲሉ ኖረዋል። ስንቱን እጅ አስወርደው ይሆን? ስንቱ ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ፈርቶ ነበር?

ወደ ወይንሸት ዞረው፣ "አሁን ላስረዳሽ?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ያስረዱኝ። ካልገባኝ ግን እደግማለሁ።"

"ድገሚ። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ሃያ ሳንቲም የሆነው፣ እኛ በምንሠራው ላይ አንድ ሳንቲም ይሆናል።"

"ይኸው ነው?" አለች ወይንሸት።

"ይኸው ነው።"

"ታዲያ መምህር፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይህን ለምን አላሉንም?"

በማግስቱ መምህር ሁሉንም ሰበሰቡ። ወይንሸትም መጣች። መምህር ብድግ ብለው ቆሙና፣ "ያን ቀን ይህችን ልጅ በፊታችሁ አዋርጃታለሁ፤ ስለዚህ ይቅርታዬንም በፊታችሁ እጠይቃታለሁ። ከመካከላችን ደፋሯ እሷ ብቻ ነበረች። እናንተ ስላልገባችሁ አልተቀየምኩም፤ እንዳትጠይቁኝ ያደረግኳችሁ እኔ ነኝ" አሉ። ጌጡ ጭንቅላቱን እያከከ ወደ ወይንሸት ዞረና "እኔም ይቅር በይኝ፤ ጎሽሜሽ ስቄብሻለሁ" አለ።

ከዚያ መምህር ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነገሯቸው። ሲጨርሱ "ግልጽ ነ—" ብለው ጀመሩና ዋጡት። በምትኩ፣ "የእውነተኛው ጎማ ሰማንያ ሳንቲም ነው። እያንዳንዳችሁ የእኛን ጎማ በወረቀት ቆርጣችሁ አሳዩኝ" አሉ። ጌጡ አራት ሳንቲም ቆርጦ አሳየ። እትዬ ትርፌ በዓይናቸው ቆርጠው አምስት ተኩል አመጡ፤ መምህር ሳይቆጡ ሜትራቸውን ሰጧቸው። አቶ ቡልቻ እጃቸውን አወጡና፣

"የገባኝ መሰለኝ። ግን ሃያውን ሰው ምን ላድርገው?" አሉ።

"ብርጭቆ ወረቀት ይስጧቸውና እንጨት ይሞርዱ" አሉ መምህር።

በቀረው ጊዜ አራት አውሮፕላን እንደማይደርስ ሁሉም አወቁ። ስለዚህ በአንዱ ላይ ተረባረቡ። ጌጡ በርበሬውን ለጎረቤቱ መልሶ ክንፉን አፈረሰና ከእንጨቱ ቀጫጭን አጥንቶችን አወጣ። እትዬ ትርፌ ሸራውን አለበሱ። ወይንሸት ሽቦዎቹን በሰዓት መቆንጠጫዋ ወጠረች። መምህርም መቆጣጠሩን ትተው ቀለም ሲቀቡ ዋሉ። በቀን ውስጥ "ይህ ምንድን ነው? ያ ለምንድን ነው?" የሚል ጥያቄ ሃምሳ ጊዜ ይሰማ ነበር። መምህር አንዳንዴ መነጽራቸውን ሊያወልቁ እጃቸው ይነሣል፤ ግን ይመልሱታል።

የምረቃው ዕለት አንዲት ሰባ ሳንቲም ክንፍ ያላት ቀይ አውሮፕላን በአዳራሹ ጥግ ተሰቀለች። ወይዘሮ ጽጌማርያም ሦስቱን ባዶ ማንጠልጠያዎች አይተው፣ "አራት ነበር ቃላችሁ" አሉ። መምህርም "አንድ ደረሰልን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሌሎቹን ጊዜ ያባከንኩት እኔ ነኝ" አሉ። ኃላፊዋ አውሮፕላኗን ረጅም ጊዜ ሲመለከቷት ቆዩና የጋዜጣ መደርደሪያውን ወደ ሌላ ቦታ እንዲወስዱት አዘዙ።

ከዚያ መምህር ለተሰበሰበው ሕዝብ ስለ አውሮፕላኗ ገለጻ አደረጉ። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የተናገሩት። ሲጨርሱ የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ፣ አንድ አዛውንት፣ ከበሩ አጠገብ እጃቸውን አወጡ።

"ይቅርታ፣ ይህቺ ነገር ሁለት ክንፍ ደርባ ምን ታደርግበታለች? አንዱ አይበቃትም ነበር?"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አዛውንቱ እጃቸውን ለማውረድ ሲጣደፉ መምህር አቋረጧቸው።

"አያውርዱት፣ አባባ። እንደያዙት ይቆዩ።" ወደ ሕዝቡም ዞሩ። "ይህንኑ ሊጠይቅ ፈልጎ ያፈረ ካለ፣ እሱም እጁን ያውጣ።"

መጀመሪያ አንድ እጅ ወጣ። ቀጥሎ ሦስት። ከዚያ የአዳራሹ ግማሽ። ከፊት ወንበር የወይዘሮ ጽጌማርያምም እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። አሁን የሚስቅ ሰው አልነበረም። መምህርም ከአዛውንቱ አጠገብ ሄደው ቆሙና፣ ያኔ ሞተሩ ደካማ እንደነበረ፣ አንድ ረጅም የእንጨት ክንፍም በቀላሉ እንደሚታጠፍ፣ ሁለት አጫጭር ክንፎች በሽቦ ሲታሰሩ ግን እንደሚደጋገፉ አስረዱ።

ወዳጆች ሆይ፣ ሰዎችን ለሥራ የምንሰበስብ ሁላችን፣ አለቃ ብንሆን መምህር፣ አባት ብንሆን እናት፣ "ግልጽ ነው?" ብለን ስንጠይቅ የምንሰማው "አዎ" ብዙ ጊዜ የመረዳት ድምፅ አይደለም፤ የፍርሃት ድምፅ ነው። አንድ ሰው "አልገባኝም" ብሎ እጁን ሲያወጣ ከኋላው የብዙ ሰው ጥያቄ ይዞ ነው። እሱን ያሳፈርን ቀን ሁሉንም ዝም አሰኘን፤ ዝም ያሉትም የየራሳቸውን ይሠራሉ፤ እኛም ሥራው ከተበላሸ በኋላ ሰነፎች እንላቸዋለን። እኛ አፍረን የተውነውን የጠየቀ ሰው ላይ የምንስቅም ከጥፋቱ ድርሻ አለን።

አንተስ፣ አንቺስ፣ በፊታችሁ እጇን አውጥታ የነበረችው የመጨረሻዋ ሰው አሁን የት ናት?