የባልቴቷ ንቅሳት፣ የልጅቷ ታቱ

አንዲት እናት መምህርቷን «ልጄ ክንዷን ተነቅሳ መጣች፤ አሁን ደግሞ በብስክሌት ካልሄድኩ ትለኛለች። እንዲህ ያለችዋን ማን ጨዋ ይላታል?» ብላ ጠየቀቻት። መምህርቷም እንዲህ አለቻት፦

አንዲት ባልቴት ነበረች። ሀብታም ነበረች፤ አንድ ወንድ ልጅም ነበራት። ልጇ ወደ ሥራዋ በብስክሌት የምትሄድ ልጃገረድ ወደደ። ባልቴቷ ልጅቷን በመንገድ አየቻት፤ ክንዷ ላይ ወፍ ተነቅሳለች። «ይህቺ ደጄን አትረግጥም» አለች። ልጇ ቢለምናት አልሰማችም፤ ጭራሽ ከሌላ ቤት ሌላ ልጃገረድ እንዲጠይቁላት ሽማግሌዎች ላከች። ሽማግሌ አንዴ «ልጅዎን ለልጃችን» ካለ ደግሞ ነገሩ አይመለስም።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጡ ልጅቷ በብስክሌቷ ከተፍ አለች።

«ልለምንዎ አልመጣሁም፣ እማማ። ጥፋቴን ይንገሩኝና ልሂድ።»

«ጥፋትሽማ ክንድሽ ላይ ተጽፏል።»

«ይሄ ንቅሳት ነው። የእርስዎም አንገት ላይ አለ፤ ያውም በረድፍ በረድፍ።»

«የእኔ ንቅሳት ነው። ያንቺ ታቱ ነው።»

«የእርስዎ በምን ተነቀሰ?»

«በመርፌ ነዋ። በመርፌና በጥላሸት።»

«የእኔም በመርፌ ነው። ለምን ተነቀሱ?»

ባልቴቷ «ለወጉ» ልትል አፏን ከፈተች። ትዝ ያላት ግን ወጉ አልነበረም፤ በልጅነቷ፣ የአንገቷ ቁስል ገና ሳይሽር፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ገበያውን እንዴት እንደዞረችው ነበር። ሳቋ መጣ።

«ላምርበት ነው» አለች። «ደግሞም አምሮብኝ ነበር።» ወዲያው ግን ደነገጠች። «ሽማግሌዎቹ ሄደዋል እኮ።»

«በእግር ነው የሄዱት?»

«በእግር።»

«እንግዲያው ከኋላዬ ይቀመጡ።»

ባልቴቷ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች፤ የልጅቷንም ወገብ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነፋሱ ነጠላዋን ገፎ አንገቷን ለአገር አሳየው። ጎረቤት ከየደጁ ወጣ። «እሜቴ፣ በዚህ ዕድሜ ወዴት ነው?» ሲሏት «ልጅ ልድር» እያለች አለፈች።

ሽማግሌዎቹ ደጁን ሊያንኳኩ ሲሉ ደረሱባቸው።

«ቤት ተሳስታችኋል» አለች ባልቴቷ። «የሚጠየቁት የዚህች አባት ናቸው።»

«እሳቸው ቤት ሩቅ ነው። በምን እንሂድ?» አሉ ታላቁ ሽማግሌ።

«በመጣችሁበት እግር። ብስክሌቱ ሞልቷል።»

እህቴ፣ እኛም እንደዚያች ባልቴት ነን። በእናቶቻችን አንገት ላይ ስናየው ንቅሳት እንላለን፤ በልጆቻችን ክንድ ላይ ስናየው ስሙን ለውጠን ነውር እናደርገዋለን። እናቶቻችን በበቅሎ ሲቀመጡ ግርማ ነበር፤ ልጆቻችን ብስክሌት ላይ ሲወጡ ዓይናችን ይቀላል። ባልቴቷ የዳነችው ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ስለደረሰች ነው። አንቺም «ጨዋ አይደለሽም» የሚለውን ቃል የነገርሽው ለእኔ ነው፤ ልጅሽ ገና አልሰማችውም። ዛሬ ቤት ስትገቢ ክንዷን ያዢና «እስቲ ምን አስነቀስሽ? አሳዪኝ» በያት።