ጭስ የፈራችው ዝማም

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ድመትም እንደ ሰው ቁጭ ብላ በምታማበት ጊዜ ነው አሉ።

ዝማም የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅም እግዜር አልሰጣትም። ቤቷ ከመንደሩ ጫፍ፣ ከወንዙ በላይ ነው። ያላት አንዲት ጎታ ጤፍ፣ ውሮ የምትባል ድመትና ሦስት ጉልቻ ነው። በቃ። በሯ ግን እስኪመሽ ክፍት ነው። መንገደኛ «ቤቶች!» ሲል፣ እሷ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ!» ትላለች። ያን ጊዜ ክብሪት የት አለና! እሳት የጠፋበት ሁሉ ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። እሷም ፍም ትጭርለታለች፣ ወሬም ታቀብለዋለች። በወሬው እንኳ እኔ አልፈርድባትም።

አንድ ዓመት ምድሩ እንደ ጉድ ሰጠ። ጤፉ ጎታውን ሞልቶ ፈሰሰ። ዝማም ከጓሮዋ ትልቅ ጎተራ አሠራች። ያ ሆዳም ጎተራ ጤፉን ገና እንደዋጠ አፍ አወጣ።

«ዝማምዬ» አላት።

«አቤት።»

«እኔን የመሰለ ጎተራ እያለሽ በርሽ ለምን ተከፈተ?»

«ቤት የእግዜር ነዋ!»

«ቤቱስ የእግዜር ይሁን። ጤፉ የማን ነው?»

ዝማም እዚያች ላይ ተያዘች። በማግስቱ ወፍራም እንጨት አስጠርባ ለበሯ መወርወሪያ አደረገች።

መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቷ ውባለም ነበረች። ውባለምም ባሏ የሞተባት ናት። ጎታዋ ውስጥ ያለው ገብስ ከታች ቀርቷል፤ ሳቋ ግን ወንዝ ማዶ ይሰማል።

«እትዬ ዝማም! እሳት ጠፍቶብኝ ነው፤ እባክሽ ፍም ጫሪልኝ።»

ጎተራው ከጓሮ ሆኖ «ዛሬ ፍም፣ ነገ ዱቄት!» አለ።

ዝማም በሩን ሳትከፍት «የኔም ጠፍቷል» አለች። ከኋላዋ እኮ እሳቱ ቦግ ብሎ ይነዳል!

«አይ እትዬን!» አለች ውባለም፤ ሄደች።

ሁለተኛ አንድ ሽማግሌ መጣ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በትሩን ተደግፎ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» አለ። ጎተራው «ዝም! ትንፋሽሽን ዋጪ!» አላት። ዋጠች። ሽማግሌው ጥቂት ቆሞ፣ በትሩን ኳ ኳ እያደረገ ቁልቁል ወረደ።

ሦስተኛ ውባለም ተመልሳ መጣች። ዝማም በግድግዳው ስንጥቅ አየቻትና «ያችን ገሏን ዛሬም ይዛ መጣች» አለች።

ውሮ ከመደቡ ዘላ «እመቤቴ፣ ገሏ እኮ…» ስትል፣ ጎተራው «ድመት ምን ታውቃለች!» ብሎ ጮኸባት። ዝማምም «ዝም በይ!» አለቻት። ውባለም ሦስቴ ተጣርታ ሄደች። ውሮም ጭራዋን አቁማ፣ በጣራው ሥር ሾልካ ተከተለቻት። ድመት ቂም ትይዛለች አይደል?

«ለምን እንደሚመጡ ላስረዳሽ?» አለ ጎተራው። «ጭስሽ ነው የሚጠራቸው። ከጣራሽ እየወጣ ‹እዚህ ቤት ይበላል!› ብሎ ይለፍፋል።»

እውነት መሰላት። ምግቧን በጥድፊያ አብስላ እሳቷን ቶሎ ትዳፍን ጀመር። ዛሬ አንድ እፍኝ አመድ፣ ነገ ሁለት እፍኝ፣ ከነገ ወዲያ ሦስት እፍኝ። ጭሷ ቀጠነ፤ ቀጠነና ጠፋ። ሰውም ቀረ። ከበሯ እስከ መንደሩ የምትወርደው ቀጭን መንገድ ሣር በቀለባት። ዝማም ማታ ማታ «ደህና እደሩ» የምትለው ሰው ቢጠፋ ለመወርወሪያው ትለው ነበር አሉ። መወርወሪያው ደግሞ እንጨት ነው፤ ወሬ አይወድም። እንቅልፏም ሸሸ። እየተነሣች የጎተራውን ሆድ ትዳብሳለች። «አለህ?» ትለዋለች። «አለሁ፤ ጠብቂኝ» ይላታል። ሌላ ቃል የለውም።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ጠዋት አመዱን ብትገልጥ ፍም የለም። ብትገልጥ የለም፤ ብትገልጥ የለም። አመዱ በዝቶ አፍኖታል። ባልጩት ብታጋጭ ኩበቱ ርሷል። ጤፍ ደግሞ በጥሬው አይቆረጠምም።

«ጎተራዬ፣ ራበኝ» አለች።

«ሙሉ ነኝ እኮ፤ ምን ጎደለሽ?»

«በረደኝም።»

«እኔ ምድጃ ነኝ እንዴ? ብቻ ጠብቂኝ።»

ከጎታው ሥር ያገኘቻትን ጥቂት ሽምብራ ነክራ እየቆረጠመች ሦስት ቀን ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጉልቻዎቹ አፍ አወጡ።

አንደኛው «ቀዘቀዝኩ» አለ።

ሁለተኛው «እኔም ቀዘቀዝኩ» አለ።

ሦስተኛው «እኛስ ድንጋይ ነን፤ እሷን እዩአት» አለ።

ዝማም ይህን ስትሰማ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ምን ይሻለኛል?»

«ገል አንሺና ውባለም ቤት ሂጂ።»

«በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«በዚሁ በሚያለቅሰው።»

ዝማም ባዶ እጇን መሄድ ከበዳት። ቁና አንሥታ ጤፍ ስትሰፍር ጎተራው «ኧረ አትቆልይው! ልክ ልኩን!» እያለ አቃሰተ። በአንድ እጇ ገሏን፣ በሌላው ቁናዋን ይዛ፣ በሣሩ መሀል ወረደች።

«ቤቶች!» አለች። ከስንት ጊዜ ወዲህ ድምፅዋ ሰው ፊት ሲወጣ የመጀመሪያው ነውና ሻክሮባት ለራሷም ባዕድ ሆነባት።

«ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ!» አለች ውባለም።

ውሮ ከምድጃው ዳር ተኝታ አንድ ዓይኗን ገለጠችና «መጣችላችሁ!» ብላ መልሳ ጨፈነች።

ውባለም ቁናውን አየች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ለእሳቱ ነው።»

«እንዴ! አንቺ ሴትዮ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ፍም የሚሸጠው? ቁናሽን ከደጅ አስቀምጪና ገልሽን ብቻ ይዘሽ ግቢ።»

ዝማም ቁናውን አስቀመጠች። ባዶ ገሏን ይዛ ገባች።

«እሳት ጠፋብኝ» አለች።

«እሱንማ ነግረሽኝ የለ! እኔ ከሌላ ቤት እሳት አግኝቼ በማግስቱ ፍም ይዤልሽ መጣሁ፤ ሦስቴ ተጣራሁ። ዝም ስትይ ‹ብርዱ ጥሏት ተኝታ ይሆናል› ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አንቺ እንደሆንሽ አንድ ቀን መምጣትሽ አይቀርም ብዬ አንድ ትርፍ ፍም እዳፍንልሻለሁ።»

ውሮ ዓይኗን ሳትገልጥ «ገሏ ይጨሳል ልልሽ ነበር፤ ማን አስጨረሰኝ?» አለች።

ዝማም መሬት መሬት አየች። «ውባለም፣ ጎታሽ ባዶ ነው፤ ክረምቱም ገና ነው። እንዴት ትስቂያለሽ? እንዴትስ ይወስድሻል እንቅልፍ?» አለች።

ውባለም በገሉ ላይ ደረቅ ኩበት ፈርፍራ ፍሙን ጫረችላት። «ማታ እሳቴን በአመድ ሸፍኜ እተኛለሁ። ፍሙን አላየውም። ጠዋት ስገልጠው ግን አለ። እግዜርንም እንደዚያው አላየውም፤ ግን አለ። የዛሬዬን ሰጥቶኛል፤ የነገዬን እኔ ተኝቼ እሱ ይጠብቅልኛል። አንቺ ግን ሲነጋም ሲመሽም እጅሽ ጎተራው ላይ ነው። እሱን ይዘሽ በምን እጅሽ እግዜርን ትይዥዋለሽ?»

ዝማም ፍሟን እፍ እፍ እያለች ወጣች። ቁናውን እዚያው ከደጅ ተወችው። ቤቷ ገብታ እሳቷን አነደደች። ጭሱ በጣራው ወጣ።

«ጭሱ! ኧረ ጭሱ!» አለ ጎተራው።

«ይለፍፍ!» አለችው። መወርወሪያውን ከበሩ አውጥታ ፈልጣ ማገደችው። ሌሊት ተነሥታ የጎተራውን ሆድ መዳበሱንም ተወች። ያን ዕለት በስንት ዘመኗ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ በሯን ከፍታ ተቀመጠች። ማንም አልመጣም። በሁለተኛውም ቀን ማንም አልመጣም፤ ውሮ እንኳ ቀርታለች። መንገዱን ሰው ረስቶታላ! ዝማም ግን ሣሩን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን «ቤት የእግዜር ነው» አለች። ቤቱ ባዶ ነው፤ ልቧ ግን አልፈራም። ብቻዋን ሳለች ብቻዋን እንዳልሆነች ገባት።

በሦስተኛው ቀን ከታች በትር ኳ ኳ ሲል ተሰማ። ያ ሽማግሌ ነበር፤ ውሮ ከፊት ከፊቱ እየመራች።

«ቤቶች!» አለ።

ዝማም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ!» አለች።

ጎተራው ግን ቀን በቀን እየጎደለ ሄደ። መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ አጉረመረመ፤ በኋላ ዝም አለ። ሆዱ የሞላለት ሁሉ ልቡ አያርፍም፤ ነገውን ለእግዜር የሰጠ ግን ቀዝቃዛ ቤት ውስጥም ይሞቀዋል።

ተረቴን እዚህ ዳፍኜዋለሁ። እሳት የጠፋበት ካለ ባዶ ገሉን ይዞ ይምጣ።