የእመት አህይት እንቢተኛ ላፕቶፕ

አንድ ጊዜ ዝናብ ቀርቶ ወንዙ ሁሉ አሸዋ በሆነበት ዓመት፣ በአንድ ሸለቆ ለሚኖሩ እንስሳት የቀራቸው አንድ ኩሬ ብቻ ነበር። ኩሬውም ከቀን ወደ ቀን እየሸሸ ሄደ። ጠዋት ውሃ የነበረበት ቦታ ማታ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃውም በማግስቱ ይሰነጠቃል። የሸለቆው ንጉሥ አንበሳ ይህን ባየ ጊዜ እንስሳቱን ሰብስቦ፣ «ከተራራው ማዶ የማይደርቅ ምንጭ እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል። መንገዱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ግን ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሁሉም ወደ እመት አህይት ዞሩ።

እመት አህይት ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ስትሸከም የኖረች ናት። ያልወጣችው ዳገት፣ ያልወረደችው ቁልቁለት የለም። የትኛው መንገድ ገደል እንዳለበት፣ የትኛው ጥላ እንዳለው፣ ጥጃ የምታስከትል ላም የት ማረፍ እንደምትችል ታውቃለች። በዚያ ላይ የሸለቆው ጸሐፊ እሷ ነበረች፤ ላፕቶፕ ያላትም እሷ ብቻ ናት።

«እንግዲያው ካርታ ሥሪልን» አላት አንበሳ። «አምና ውሃ ፍለጋ በጨለማ እንደሚሄድ ሰው እየዳበስን ወጥተን ስንቱ ጥጃ በረሃ ላይ ቀረ። ዘንድሮ ሁሉም ካርታውን አይቶ፣ መንገዱን በልቡ ይዞ ነው የሚነሳው። እሑድ በጉባኤው ፊት ታሳዪናለሽ፤ በማግስቱ ጉዞ ነው።»

«እሺ ጌታዬ» አለች እመት አህይት። ኩራትም ፍርሃትም አንድ ላይ ተሰማት።

ቤቷ ገብታ ላፕቶፑን እንደ ልማዷ ከምትተኛበት ጭድ ላይ አስቀመጠችና ሥራ ጀመረች። ተራራውን ሣለች። ምንጩን ሣለች። ገደሉን በቀይ ከለለች። ልክ መንገዱን ልታሰምር ስትል ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ምን ነካው ደግሞ?» ብላ እንደገና ከፈተችው። ላፕቶፑ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ፤ ሥራዋ ግን አብሮ አልተነሳም። ተራራው የለም፣ ምንጩም የለም። እመት አህይት ተንፍሳ፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ጥላ ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁንም መንገዱ ጋ ስትደርስ ድርግም! ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ባሰመረች ቁጥር ሥራዋን እያስቀመጠች፣ ቅጂውንም አንገቷ ላይ በምታንጠለጥለው ፍላሽ ላይ እየገለበጠች መሥራት ጀመረች። ግን በዚህ አካሄድ ካርታው ለእሑድ ሊደርስ አይችልም። ላፕቶፑ ከሚሠራበት የሚጠፋበት ጊዜ በልጦ ነበር።

ደጅ ወጥታ እንደ ልቧ አናፋች። ድምፅዋን ሰምቶ ቀበሮ መጣ፤ ከኋላው ደግሞ ሁልጊዜ የማይለየው አያ ጅቦ ነበረ።

«እመት አህይት፣ ምነው እንዲህ ከፋዎት?» አለ ቀበሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«ላፕቶፔ ሥራዬን እየበላ አስቸገረኝ።»

የአያ ጅቦ ጆሮ ቀጥ አለ። «ይበላል እንዴ?»

ቀበሮ እግሩን ረገጠውና ወደ እመት አህይት ዞረ። «ችግሩ ገብቶኛል። ቫይረስ ነው።»

«ገና ሳታየው?»

«ልምድ ነው እመት አህይት! ከተማ ዳር በኖርኩበት ዘመን ከአንድ የላፕቶፕ ጠጋኝ ጓሮ ነበር የማድረው። ስንቱን አድኛለሁ መሰለዎት! ሁሉን ነገር አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ። ለድካሜም ብዙ አልጠይቅም፤ ከእሑዱ ድግስ ቋንጣ ትንሽ ቢያቀምሱኝ ይበቃኛል።»

የጉባኤው ድግስ ቋንጣ የሚጠበቀው እመት አህይት ቤት ነበር። ሣር በላ ስለሆነች እንስሳቱ ሁሉ እሷን አምነው ሰጥተዋታል። ትንሽ አመነታች። «ድግሱ ቢጎድል ይሻላል፣ መንጋው መንገድ ከሚስት» ብላ አሰበችና እሺ አለች። ካርታው ፍላሹ ላይ እንዳለ ደግማ አረጋገጠችና ላፕቶፑን ሰጠችው።

ቀበሮ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው፤ ሲመልሰው ማለዳ ነበር። በዚያ ቀዝቃዛ አየር ላፕቶፑ እንደ ጥጃ ፈነደቀ። እመት አህይት ደስ ብሏት ቋንጣውን ሰጠችው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግን ካርታው እንደተከፈተ ስክሪኑ ድርግም አለ።

ቀበሮ ተጠራ። «አሃ! እንግዲያው ሚሞሪው ነው። መቀየር አለበት» አለ። ላፕቶፑን ይዞ ከአለት ጀርባ ሄደ። ከአለቱ ጀርባ ሲያፏጭ ይሰማ ነበር። ትንሽ ቆይቶ መጣና፣ «ቀይሬዋለሁ፤ የሚቀጥለውን ድርቅም ይሻገራል» አለ። ቋንጣውን ተቀብሎ ሄደ። ላፕቶፑም እስከ ከሰዓት ሠርቶ እንደገና ጠፋ።

«በቃ እመት አህይት፣ ይህ ማሽን ሞቷል» አለ ቀበሮ በመጨረሻ፣ ፊቱን እንደ ለቀስተኛ አጨፍግጎ። «እኔ ወስጄ ከተማ ላስመርምረው። ለመንገድ ስንቅ የሚሆነኝን ብቻ ይስጡኝ።»

እመት አህይት ትክ ብላ አየችው። «አንተ ቀበሮ፣ ስንት ነገር ለወጥክልኝ፤ ግን አንድም ጊዜ መቼ እንደሚጠፋ አልጠየቅኸኝም።»

«መቼ ቢጠፋ ምን ለውጥ አለው? ጠፋ ማለት ጠፋ ነው።»

«እስቲ ነገ ተመለስ» አለችው። ቀበሮ ቅር እያለው ሄደ።

እመት አህይት ብቻዋን ስትሆን ቁጭ ብላ አሰበች። «ጭነቴ መንገድ ላይ ሲወድቅ ገመዱንም፣ ኮርቻውንም፣ መንገዱንም በአንዴ ለውጬ አላውቅም። እንዲያ ባደርግ የወደቀው በየትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ይህንንም አንድ በአንድ ልየው።»

መጀመሪያ ለአንበሳ አጭር ደብዳቤ ጻፈች። ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። ካርታውን ከፈተች፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። «ከባድ ሥራ ሲሆን ነው እንዴ?» አለች። ቻርጀሩን ነቅላ ሞከረች፤ ያው ነው። ቻርጀሩን መልሳ ሰካችና ላፕቶፑን ብቻ ከጭዱ አንስታ ጥላ ውስጥ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ካርታውን ከፈተች። ሠራ፣ ሠራ፣ ሠራ... ቆይቶ ቆይቶ ጠፋ። ወደ ጭዱ መለሰችው፤ ወዲያው ድርግም! ያን ጊዜ አፍንጫዋን ከላፕቶፑ ሥር አስጠግታ እንደ እሳት ሲፋጅ አገኘችው።

«ወይ ጉድ! ይህ ማሽን አልታመመም። ሙቀት ነው ያፈነው!»

ገልብጣ አየችው። በጎኑ ያለው የአየር መውጫ በጭድ ብናኝ ተደፍኗል። ሌላም ነገር አየች። በሆዱ በኩል ያሉት ቡሎኖች ላይ ያለው አቧራ እንደ ተጋገረ ነው፤ ከተገዛ ጀምሮ ማንም ነክቷቸው አያውቅም። ታዲያ ቀበሮ ሚሞሪውን በየት በኩል ቀየረው? እመት አህይት ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ በኋላ ንዴቷ መጣ። «ቆይ ብቻ» አለችና ካቻቢቴ ፍለጋ ሄደች።

ላፕቶፑን ዘግታ፣ ባትሪውን አውጥታ፣ ካቻቢቴውን በጥርሷ ይዛ ቡሎኖቹን መፍታት እንደጀመረች አያ ጅቦ በሩ ላይ ቆመ።

«እመት አህይት፣ ማሽኑን ስጪኝ። ቀበሮ አምጣልኝ ብሎ ልኮኛል።»

«ለምን ይሆን የፈለገው?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ስንት ሥራ የበላ ነው አይደል? የበላው ሁሉ ሆዱ ውስጥ አለ። እንካፈለዋለን፤ ግማሹ ያንተ ነው ብሎኛል።»

እመት አህይት ሳቋን እንደምንም ያዘች። «እንግዲያው አያ ጅቦ፣ ምን አደከመህ? እዚሁ ሆዱን ልከፍተው ነው። ቀረብ በል።»

የመጨረሻው ቡሎን ወጣ። ክዳኑ ተነሳ። ከውስጥ አየር የሚያዞረው ትንሿ ፋን አቧራ፣ ጭድና የእመት አህይት የራሷ ጸጉር ተጠቅልሎ እንደ ቆብ ተደፍቶባት ነበር። አያ ጅቦ ግን ያየው ድፍን ያለ፣ ግራጫ፣ ለስላሳ ነገር ነው። «ጮማ!» ብሎ ጮኸና አፍንጫውን ደቅኖ በሙሉ ሳንባው ሳበ።

አቧራው እስከ ጉሮሮው ገባ። ዓይኑ ፈጠጠ። ጆሮው ተንቀጠቀጠ። ከዚያም ቤቱን ያናወጠ ማስነጠስ አስነጠሰ፤ ደግሞም አስነጠሰ። የተጋገረው አቧራ ተነቅሎ እንደ ደመና ወደ በሩ ወጣ። እመት አህይት የቀረውን በዶሮ ላባ ጠራርጋ፣ እርጥበት የነካውን በጨርቅ አድርቃ፣ ፋኗን በትንፋሿ ነካ ስታደርጋት ፋኗ ያለ ችግር ዞረች።

አያ ጅቦ እንባውን እየጠረገ ወደ ውስጥ አጮልቆ ተመለከተ። «ሥጋ የለበትም?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ቀበሮ ግማሹ ያንተ ነው ያለኝ ምኑን ነው?»

«አቧራውን ይሆናላ» አለች እመት አህይት። «እሱን ደግሞ ሙሉውን ወስደሃል።»

አያ ጅቦ በጣም ስላዘነ አንጀቷን በላት። ቋንጣ ቆርጣ ሰጠችው። «ይህ የአንተ ነው። ከቀበሮ ይልቅ አንተ ሠርተህልኛል።» ምን እንደሠራ ባይገባውም አያ ጅቦ ተቀብሎ፣ ለቀበሮ ሳያካፍል ዋጠው።

እመት አህይት ላፕቶፑን ገጥማ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። በቀትር ካርታውን ከፈተች። ፋኗ እሽሽ እያለች ዞረች። ተራራው፣ ገደሉ፣ ምንጩ፣ መንገዱ፣ የማረፊያው ጥላ ሁሉ አንድ በአንድ ተሣለ። ስክሪኑ አንዴም አልጠፋም። ሥራዋን ስትጨርስ በደስታ ያናፋችው ድምፅ ኩሬው ድረስ ተሰማ።

እሑድ ጉባኤው ተሰበሰበ። ላፕቶፑ ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እንስሳቱም ተራ በተራ እየመጡ ካርታውን አዩ። ላሞች ከጥጆቻቸው ጋር መጡ፤ ከርከሮ መጣ፤ ከሁሉ በኋላ ኤሊ መጣች። እሷ እስክትደርስ ፀሐይ ከርራ ነበር፤ ላፕቶፑ ግን አልጠፋም።

አንበሳ ደስ ብሎት ድግሱ ይቅረብ አለ። ቋንጣው ሲቀርብ ግን ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ።

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች እመት አህይት ፊት ለፊት። «ቀበሮ ላፕቶፑን እጠግናለሁ ሲለኝ ለመንጋው ብዬ ከፈልኩ።»

«በሚገባ ጠግኛለሁ!» አለ ቀበሮ ፈጥኖ። «ሚሞሪውን እንኳ በእጄ ነው የቀየርኩት።»

«መልካም» አለ አንበሳ። «ና፣ በየት በኩል እንደሚቀየር አሳየን።»

ቀበሮ ላፕቶፑን አገላበጠው። ላዩን አየ፣ ታቹን አየ። ጀርባውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። መጨረሻ ላይ የቻርጀሩን ቀዳዳ አመለከተ። «በዚህ... በዚህ በኩል ነው።»

እመት አህይት ቻርጀሩን አንስታ ቀዳዳው ውስጥ ሰካችው። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ፤ ነገሩ ያልገባው አያ ጅቦ እንኳ ከሁሉ በላይ ሳቀ።

አንበሳም እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «የድግሱን ድርሻህን አስቀድመህ በልተሃልና ዛሬ ቁጭ ብለህ ታየናለህ። ነገ ደግሞ የጉዞ ሥራ አለህ። ኤሊ ከመንጋው ጋር እኩል መሄድ ስለማትችል ተሸክመህ ታሻግራታለህ። እሷ ሳትጠጣ አንተ አትጠጣም።»

በማግስቱ ተነሱ። እመት አህይት ከፊት መራች። ገደሉ ጋ ሲደርሱ ሁሉም አውቆ ጥግ ያዘ፤ ጥላው ጋ ሲደርሱ ላሞች ጥጆቻቸውን አሳረፉ። አንድም ጥጃ ሳይጎድል ተራራውን ተሻገሩ። ምንጩ ከአለቱ ሥር ንጹሕና ቀዝቃዛ ሆኖ ይፈልቅ ነበር። ሁሉም እየተጋፉ አፋቸውን ነከሩ።

ቀበሮ ምላሱ ተንጠልጥሎ ኤሊን ከውሃው ዳር አወረዳትና፣ «እባክሽ ቶሎ ጠጪ!» አላት።

ኤሊ አንገቷን ቀስ አድርጋ አወጣች። ውሃውን አየች። ሰማዩን አየች። ከዚያም ጠብታ በጠብታ፣ እያጣጣመች መጠጣት ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ነገር አልሠራ ሲለን እጃችን ያገኘውን ከመለዋወጥ በፊት መቼና በምን ምክንያት እንደሚበላሽ ረጋ ብለን አንድ በአንድ ማየት እንደሚገባን፣ ችግሩን ሳይጠይቅ መፍትሔ የሚያቀርብ ደግሞ የሚያስበው ለችግራችን ሳይሆን ለድርሻው መሆኑን ነው።