ያልተሣለው ዓይን

ድሮ ነው፤ ከድሮም ወዲያ ያለው ድሮ። ሰው ለቃሉ ይሞት በነበረበት፣ ወሬም በእግሯ ትሄድ በነበረበት ዘመን። እስቲ ጠጋ በሉ። አንቺ ልጅ፣ ያንን ጥጥ አቀብይኝ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ አፌ አይፈታም።

ዝግባ ማርያም በምትባል አገር አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ የሻረግ ነው። ባል የላትም፣ ሀብት የላትም፣ መሬቷም ከደጃፏ አያልፍም። አባቷ ሠዓሊ ነበር። ሲሞት የተወላት የቀለም መፍጫ ድንጋዩንና አንድ ወንድም ነው። ወንድሟ ደምለው ይባላል። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። ለምን በሉኝ። የሻረግ ገና ድክ ድክ ስትል የጎረቤት ውሻ መጣባት። ደምለው ዘሎ መሃል ገባ። ውሻው የጆሮውን ጫፍ ይዞ ሄደ፤ እሷ ጭረት አላገኛትም። ይቺን ጆሮ አደራ አትርሷት።

የሻረግ ቀለሟን ከአገሯ መሬት ታወጣ ነበር። ቀዩን ከገደል አፈር፣ ቢጫውን ከወንዝ ድንጋይ፣ ጥቁሩን ከድስት ጥላሸት። የምትሥለው ሸማ ላይ ነው። ሸማው ኋላ በሙጫ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይለጠፋል። ሥዕል ደግሞ ሕግ አለው፤ ከአባት የመጣ። ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፤ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ክፉ ሰው በጎኑ ይሣላል፤ በአንድ ዓይን። እንደኔ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይን ቆጥሮ ይረዳል።

እና ቤተ ክርስቲያኗ ታደሰች። ግድግዳው ባዶውን ቆመ። ሠዓሊ ቢፈለግ ጠፋ። የሻረግ “እኔ አለሁ” አለች። የደብሩ አለቃ ሳቁ።

“ሴት መሰላል ላይ ልትወጣ?”

“መሰላሉን ለእርስዎ ትቻለሁ፣ አባቴ። እኔ ደጄ ተቀምጬ እሥላለሁ።”

“ባያምርስ?”

“ባያምር ሸማው ለመቀነት ይሆነኛል።”

ሣለች። መልአኩን ሣለች፣ ክንፉን ዘርግታ ሣለች። አለቃው አዩ፣ መሰላሉን ራሳቸው ተሸክመው መጡ። የሻረግን የሰው ሳቅ አላሸነፋትም።

ቀጥሎ ግራዝማች አየለኝ የሚባል ባለጠጋ ደጇ መጣ። በቅሎ እየሳበ ነው የመጣው። ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ ኖሯል።

“ያንን ጎረቤቴን ከዲያብሎስ ጎን፣ በአንድ ዓይን ሣዪልኝ። ይቺ በቅሎ ያንቺ ናት” አላት።

የሻረግ በቅሎዋን ዞር ብላ አየቻት። “ጌታዬ፣ ስንት ዓይን አላት?”

“ሁለት ነዋ!”

“እንግዲያው ከነሁለት ዓይኗ ይዘዋት ይመለሱ።”

አገር ሳቀ። ግራዝማች በመጣበት ተመለሰ። የሻረግን ጉቦም አላሸነፋትም።

ወይ ልጆቼ። ሰው ከውጭ የመጣበትን ሁሉ ሊችል ይችላል። የራሱ ሆድ ሲያምፅበት ነው የሚወድቀው።

ሥዕሉ ሊያልቅ ነው። የእመቤታችን መጎናጸፊያና የስቅለቱ ወታደሮች ብቻ ቀሩ። መጎናጸፊያዋ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ ከእኛ መሬት አይወጣም። ነጋዴ ከባሕር ወደብ ነው የሚያመጣው። አገሩ መከረ፤ የቤተ ክርስቲያኗን በቅሎ ሰም ጫነ። ሰሙ በቀለም ይለወጣል። ማን ይሂድ ሲባል ደምለው ተነሣ።

“እታለም፣ ሰማያዊሽን ሳልይዝ አልመለስም” አለ።

“ጆሮህን ጠብቅ” አለችው።

“የቀረችውን?” ብሎ ሳቀና ሄደ።

ክረምት ወጣ፤ ደምለው አልመጣም። ሌላ ክረምት ወጣ፤ ደምለው አልመጣም። አንድ ገበያተኛ መጣና “በቅሎዋን ሌላ ሰው ተቀምጦባት አየሁ” አለ። በቃ። ሸጦ በላት ተባለ። አገባ ተባለ። ጠጅ ቤት ታየ ተባለ። ያየው ግን የለም። የሻረግ ውሃ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ገለል ያደርጋሉ።

“ወንድምሽ የእመቤታችንን ልብስ ጠጣው አሉ! ጣመው ይሆን?”

መጀመሪያ ተከራከረች። ቀጥሎ አለቀሰች። ኋላ ዝም አለች። ዝም ስትል ነው ነገሩ የተበላሸው። የጌታችንን ልብስ የተካፈሉት ወታደሮች ያሉበት ሸማ ገና አላለቀም ነበር። ቁጭ አለች፣ ጥቁሩን በጠበጠች፣ ከወታደሮቹ መሃል አንዱን ደምለውን አድርጋ ሣለችው። በጎኑ ሣለችው። በአንድ ዓይን ሣለችው። ሰው እንዲለየው ብላም ግራ ጆሮውን ጫፏን ቆርጣ ሣለች። ለእሷ ሲል የተነከሰችውን ጆሮ!

ሸማው ተለጠፈ። ሕዝቡ አየ፤ አወቀው። ከዚያ ወዲያ የተወለደ ልጅ ሁሉ ደምለውን በግድግዳ አወቀው። ልጅ ሲያለቅስ እናቱ “ዝም በል፣ ጆሮ ቆራጣው ይመጣል” ትላለች።

መጣም። ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በማርያም ንግሥ ዕለት፣ አንድ የከሳ ሰው በዱላ እየተደገፈ ዳገቱን ወጣ። እቤት ሳይገባ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም አለ። በቅጥሩ በር ልጆች ይጫወታሉ።

“ጆሮው! ጆሮው! የግድግዳው ሌባ ወርዶ መጣ!”

ሰውየው ሳቀ። “እናንት የማን ልጆች ናችሁ? የት ታውቁኛላችሁ?”

“እዚያ ግድግዳው ላይ ነሃ!”

ገባ። ቀና ብሎ አየ። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ማንንም አልጠየቀም፤ የእህቱን እጅ ያውቃል። ቆመ። ቆመ። ከዚያ ከብብቱ የቆዳ ቋጠሮ አውጥቶ በሩ ላይ ለተቀመጡት አሮጊት መነኩሲት ሰጠ።

“ለየሻረግ ይስጡልኝ፣ እማሆይ። አደራውን አድርሷል ይበሏት።”

“አንተ ራስህ አትሰጣትም፣ ልጄ?”

“እኔማ እዚህ አለሁ” አለና ወደ ግድግዳው ጠቆመ። በመጣበት ወረደ።

የሻረግ ገደሉ ሥር ቀይ አፈር ስትቆፍር ነበር። ስትሰማ ዶማውን ጣለች። ሮጠች፣ “ወንድምዓለም! ወንድምዓለም!” እያለች ሮጠች። ገደሉ ብቻ መለሰላት። አገር ወጥቶ ፈለገ፤ ደምለው አልተገኘም።

ኋላ አንድ ነጋዴ ሲያልፍ ነገሩን ተናገረ። ለካስ ሽፍታ በቅሎዋን ከነሰሙ ቀምቶት ኖሯል። ደምለውም “ባዶ እጄን አገሬ አልገባም” ብሎ ያን ሁሉ ዘመን ለነጋዴው ጨው ተሸከመ። ያን ሁሉ ዘመን፣ ለአንድ ቋጠሮ ሰማያዊ!

እኔ እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ጥጤን አስቀምጣለሁ። ቆዩኝ።

የሻረግ መጎናጸፊያውን ቀባች። እንዲያ ያለ ሰማያዊ ታይቶ አይታወቅም ይላሉ። ከዚያ ብሩሿን ይዛ ወንድሟ ወዳለበት ግድግዳ ሄደች። መሰላሉን ራሷ ወጣች። ያን ቀን የሳቀ የለም። ሁለተኛውን ዓይን ልትሥል ነው። ግን የት ላይ? በጎን የተሣለ ሰው ለሌላ ዓይን ቦታ የለውም። ከአፍንጫው ወዲያ የሌላ ወታደር ትከሻ ነው። ብሩሿን ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች፤ ቦታ የለም።

“በቃ ፋቂው ልጄ፣ እኔ ፈቅጃለሁ” አሏት አለቃው።

ቢላዋ አነሣች። ፊቱ ላይ አስጠጋች። እጇ እንቢ አላት። የደምለው መልክ በዚህ ዓለም ያለው እዚያች ላይ ብቻ ነዋ! ብትፍቀው ወንድሟን ሁለተኛ ልታጣው ነው። ብትተወው ሐሜቱ ሊኖር ነው። ቢላዋውን ይዛ ወረደች።

ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልነካችም። እሑድ እሑድ በሴቶች በር፣ ከሥዕሉ ሥር ትቀመጣለች። ለገባው ሁሉ፣ ለትልቁም ለትንሹም፣ አንድ ቃል ነው የምትናገረው።

“ሌላ ዓይን አለው። ያልሣልሁት እኔ ነኝ።”

ጠጉሯ ሸበተ፤ ይህንኑ ትላለች። የራሷም ዓይን ጠፋ፤ ይህንኑ ትላለች። ሲረግሙት የነበሩ ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ እጇን እየሳሙ ያልፋሉ። አንድ ቀን በሩ ዝም አለ።

ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ አገር፣ ሽማግሎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በሌለ ሰው ላይ ነገር ሲነሣ፣ ሁሉም አንድ ቃል ሆኖ ሲፈርድበት፣ አንዱ የግድ ይነሣና “ሌላ ዓይን አለው” ይላል። ያ ከተባለ ፍርዱ ይቆያል፤ ሰውየው መጥቶ በአፉ እስኪናገር ይጠበቃል። ሴቶቹም በዚያ ሥዕል ሥር ሲያልፉ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ያችን ዓይን ለደምለው ማበደራቸው ነው።

እናቴ የሰጠችኝ ይህን ያህል ነው፤ ለእናንተም ሳላጎድል ሰጠሁ። ደግ ልማድ ነው ልጆቼ፣ ስንቱን ሰው አትርፏል። ደምለውን ግን አልመለሰውም።