ሳማ ውስጥ የቆመው ሰው

ሚስቱ መራመድ ያቃታት አንድ ሰው ነበረ።

እማሆይ ወለተ ሐና ምሳሌያቸውን የጀመሩልኝ እንዲህ ነው። እኔ የጠየቅኳቸው ሌላ ነገር ነበር። ባሌ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ካፖርቱ ግን ገና ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ታላቅ እህቴ፣ «ባየሽው ቁጥር ከምታለቅሺ ለሰው ስጪውና ይውጣልሽ» ትለኛለች። «ላውጣው ወይስ ልተወው?» አልኳቸው። በቀጥታ አልመለሱልኝም። የነገሩኝን እንዳልረሳው እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሰውየው የሚስቱን አልጋ ከመስኮቱ አጠገብ አደረገላት። ከመስኮቱ ሥር ጥቂት አበባ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወደ አበባው ቢራቢሮዎች ይመጣሉ፤ ክንፋቸው ጥቁር ሆኖ እንደ ፍም የቀላ መቀነት አለው። ሴትየዋ የመጀመሪያዋን ባየች ቀን «መጣች!» ብላ ትጮኻለች። እሱም የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። አብረው ያያሉ። ከዚያ በቀር ብዙ ደስታ አልነበራትም፤ ይህን እሱም ያውቃል።

ስለዚህ ደስታዋን ሊያበዛላት አሰበ። በጋውን ሙሉ ሠራ። ጽጌረዳ ተከለ፣ የአደይ ዘር በተነ፣ ግቢውን ጠረገ። ከቤቱ ጀርባ፣ ፍግ በሚጣልበት ጥግ፣ ሳማ በቅሎ ነበር። «የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሳማ ምን ያደርጋል?» ብሎ ከሥሩ ነቀለና ከነትሉ አቃጠለው። ይህም አልበቃውም፤ ቤት ለቤት እየዞረ ጎረቤቶቹን አስነቀለ። መንደሩ ጸዳ። ልጆች እግራቸው ሳይለበለብ በየጓሮው ሮጡ፤ ሰውየውም ተመሰገነ።

በሚቀጥለው መስከረም አበባው እጥፍ ሆነ። ቢራቢሮ ግን አልመጣም።

«ዛሬም የለችም?» ትለዋለች በጠዋት።

«ነፋሱ ነው፤ ነገ ትመጣለች» ይላታል።

በማግስቱ ወፎቹ ቢራቢሮዎቹን እየበሉብኝ ነው ብሎ ወፍ ሲያባርር ዋለ። በሦስተኛው ቀን የአበባው ቀለም አልጣማቸውም ብሎ ከሩቅ ሰፈር ሌላ ችግኝ ተሸክሞ መጣ። ሳምንት ሲሞላ ሴትየዋ መጠየቋን ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የቀረበላትንም ቀመስ አድርጋ ትመልሰው ጀመር። ሰውየው ያን ጊዜ ፈራ።

ቢራቢሮ ፍለጋ ወጣ፤ የሚያየው ሰው ምን ጠፋብህ ቢለው እንኳ ለመናገር እያፈረ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በስተጀርባ፣ ማንም በማያልፍበት ተዳፋት ላይ፣ የቀረ ሳማ አገኘ። አንዲት ቢራቢሮ ከግንዱ ተንጠልጥላለች፤ ክንፏ ገና አልደረቀም። የወጣችበት ባዶ ቅርፊት ከአጠገቧ አለ። ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን አየ። አንዳንዱ ቅጠል በቀጭን ክር ተሰፍቶ እንደ ድንኳን ታጥፏል፤ በውስጡ እሾኻም ጥቁር ትል ተኝቷል። ትሎቹን ያውቃቸዋል። አምና በእሳቱ ውስጥ ሲጠቀለሉ አይቷቸው ነበር።

እዚያው ቁጭ አለ። ቢራቢሮዋ ወደ አበባው የምትመጣው ለመብላት ነው፤ የምታድገው ግን እዚህ ነበር። ለካ ግብዣ ሲያዘጋጅላት ቤቷን አፍርሶባት ኖሯል።

በማግስቱ የደብሩ ንግሥ ስለቀረበ መንደሩ እንደ ልማዱ ማጭድ ይዞ አጥሩንና መንገዱን ሊያጸዳ ወጣ። ሰውየው ከሳማው ፊት ቆሞ ጠበቃቸው።

«ይቺን ተዉልኝ» አለ።

«ምነው፣ ለወጥ አሰብካት?» አለው አንዱ።

«የለም፣ ለአማቱ ፍራሽ ሊሞላባት ነው» አለ ሌላው።

«አምና ንቀሉ እያለ በሬን ሲደበድብ የነበረው ማን ነው? እጄ እስከ ዛሬ ያሳክከኛል!» አለች አንዲት ጎረቤቱ።

«እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው» አለ።

ቢራቢሮዋ የምትወጣው ከዚህ ነው ብሎ ቢያስረዳቸው ይብስ ሳቁ። «እንግዲህ ለትልም ዘበኛ ቁሙ በለና!» አለና አንዱ ማጭዱን አነሣ።

ሰውየው ትሎቹን እንዳይረግጥ ጫማውን አወለቀ። ቅጠሉን እንዳይጎትት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሳማው መሃል ገባና ቆመ።

ሰው በቆመበት ማጭድ አይሰነዘርም። ሳቁ በረደ። እግሩ ቀልቶ ያብጥ ጀመር፤ እንባው ሳይፈልግ ወረደ።

«ውጣ እንጂ አንተ ሰው፣ ቆዳህ አለቀ እኮ!» አሉት ቄሰ ገበዙ።

«አባቴ፣ ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች» አለ።

ሁሉም ያውቋታል። በእግሯ በነበረችበት ጊዜ ለዚህ ደብር ውሃ ያልቀዳችበት በዓል የለም። እጇን የሚያሳክካት ጎረቤት ማጭዷን ወደ መቀነቷ መለሰች። ቄሰ ገበዙም በመቋሚያቸው ከአጥሩ እስከ አንድ ዛፍ ድረስ መሬቱ ላይ መስመር አሰመሩና «ከዚህ ወዲያ አይታጨድ። ለሰው መንገድ የሚበቃውን እናጸዳለን፤ ይቺ ትቅር» አሉ። የሳቁበት ሰዎች ራሳቸው በመስመሩ ላይ ድንጋይ ደረደሩ።

ሰውየው ሲወጣ ሁለት ሥር ይዞ ወጣ። እቤቱ ሲደርስ ሚስቱ የእግሩ ኮቴ ተለወጠባትና ዞራ አየችው።

«እግርህን ምን ነካው?»

«ሳማ።»

«ነቅለህ ጨርሰኸው የለ?»

«መልሼ ልተክለው ነው።»

«በቃ አብደሃል!» አለችና ሳቀች። ከዚያ «ና ወዲህ» ብላ እግሩን ቅቤ ቀባችለት፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አልመለሰችም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጓሮ ሆኖ ለሳማው ፍግ ሲያለብስ፣ «መጣች!» ስትል ሰማት። ገና እያነከሰ ሮጠ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ መንደር ሰው ደጃፉና መንገዱ ላይ የበቀለውን ሳማ ያጭዳል፤ ከጓሮው ግን አንድ ጥግ ይተዋል። ለልጆቹም እንዳይነኩት ያሳያቸዋል።

እማሆይ እዚህ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የባልሽ ካፖርት ሳማ ነው። ስትነኪው ይለበልብሻል። እህትሽ ንቀይው የምትልሽ ስለምትወድሽ ነው፤ ያም ሰው የነቀለው ስለሚወዳት ነበር። አሁን ንገሪኝ እስቲ፣ ባልሽ ያን ካፖርት ለብሶ ምን ያደርግ ነበር?»

ሳላስበው ነገርኳቸው። በብርድ ጠዋት አብረን ስንወጣ እጄን ይዞ ግራ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ኪሱ ሁልጊዜ የተቆላ ባቄላ አያጣም። አንድ ሁለት ሳነሣ፣ «እጅሽን ላሙቅልሽ ብል ጭራሽ ዘረፋ ገባሽ?» ይለኛል። ይህን ስነግራቸው ሳቅሁ።

«አየሽ፣ አንዷ መጣች» አሉ እማሆይ። «ከየት የወጣች ይመስልሻል? ቤቱን ሁሉ ሳማ አታድርጊው። ጫማውን ለሚጫማው ስጪ፤ ሸሚዙንም ለሚለብሰው። አንድ ጥግ ግን ተዪለት። ሲለበልብሽ እከኪው፤ መስኮቱን ግን አትዝጊ።»